በ15 እና በ7 መካከል



ዛሬ የምናገረው ስለ ብሔራዊ ባንክ፣ ስለ ወለድና ስለ ኑሮ ውድነት ነው። ከአንድ ሒሳብ ልነሳ። አንድ ሰው በሰኔ 2013 ዓ.ም. 100 ሺህ ብር ባንክ አስቀመጠ እንበል። የቁጠባ ወለዱ 7 በመቶ ነው። ዓመቱ ሲሞላ ደብተሩ ላይ 107 ሺህ ብር ይነበባል፤ ከወለዱ የሚቆረጠውን ግብር ለጊዜው እንተወው። በሰኔ 2014 ግን ዋጋ ከዓመት በፊት ከነበረው በ34 በመቶ ጨምሮ ነበር። ስለዚህ ያ 107 ሺህ ብር የሚገዛው ዓምና በ80 ሺህ ብር ገደማ ይገዛ የነበረውን ዕቃ ነው። ሃያ ሺህ ብር ጠፋ ማለት ነው። ሌባ አልገባም፣ ባንኩ አልከሰረም፣ ደብተሩ ላይ የተጻፈውም ቁጥር አልቀነሰም።

ሃያው ሺህ የት ሄደ? የገንዘብ ፖሊሲ ጉዳይ ለእኔ የሚጀምረው ከዚህ ጥያቄ ነው። ያንኑ ብር ከባንኩ በ15 በመቶ ወለድ የተበደረውን ሰው ተመልከቱ። ዋጋ በ34 በመቶ በጨመረበት ዓመት 15 በመቶ ወለድ ከፍሎ ዕዳውን ቢዘጋ፣ የመለሰው ብር የመግዛት አቅሙ ከወሰደው ያነሰ ነው። በብድሩ ሕንፃ ያቆመ፣ ብረትና ቆርቆሮ ያከማቸ ተጠቅሟል። ከሁሉም በላይ ደግሞ በዝቅተኛ ወለድ የተበደረው መንግሥት ተጠቅሟል። የከፈለው ጡረተኛው ነው፤ ለልጇ ትምህርት ወር በወር የምታስቀምጠው እናት ናት፤ ከዓረብ አገር የላከችው ገንዘብ በዘመድ ደብተር የተቀመጠላት ልጅ ናት። እነዚህ ሰዎች ለማንም ለማበደር አልተስማሙም፤ አበዳሪ መሆናቸውንም አያውቁም።

አሁን ብሔራዊ ባንክ በዚህ ውስጥ ምን እንደሚሠራ እንይ።

ብሔራዊ ባንክ ለእኔና ለእናንተ አያበድርም። ደንበኞቹ ባንኮችና መንግሥት ናቸው። እያንዳንዱ ባንክ በብሔራዊ ባንክ ዘንድ ሒሳብ አለው፤ ሰዎች ቀኑን ሙሉ በቼክና በስልክ ከባንክ ወደ ባንክ ሲያዛውሩ የዋሉት ገንዘብ በመጨረሻ የሚወራረደው በነዚህ ሒሳቦች ነው። አንዱ ባንክ ይጎድልበታል፣ ሌላው ይተርፈዋል። የጎደለበት ከማን፣ በስንት ይበደራል? የተረፈውስ የት፣ በስንት ያስቀምጣል? የነዚህን ሁለት ጥያቄዎች መልስ የሚወስን አካል የአገሩን ወለድ መነሻ ይወስናል።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ በወለድ ላይ ወደተመሠረተ የገንዘብ ፖሊሲ መሸጋገሩን አወጀና የፖሊሲ ወለዱን 15 በመቶ አደረገ። ከዚያ ሦስት ነጥብ ከፍ ብሎ፣ በ18 በመቶ፣ ገንዘብ ላጠረውና መያዣ ላለው ባንክ ያበድራል። ሦስት ነጥብ ዝቅ ብሎ፣ በ12 በመቶ፣ ትርፍ ካለው ባንክ ገንዘብ ተቀብሎ ያስቀምጣል። ከብሔራዊ ባንክ 12 ማግኘት እየቻለ ለሌላ ባንክ በ10 የሚያበድር አይኖርም፤ በ18 እየተሰጠውም ከሌላ ባንክ በ20 የሚበደር አይኖርም። ስለዚህ ባንኮች እርስ በርስ የሚበዳደሩበት ወለድ በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ይቆያል። በየሁለት ሳምንቱ በሚካሄደው ጨረታ ደግሞ ብሔራዊ ባንኩ ከገበያው ትርፍ ገንዘብ ይሰበስባል፣ ሲያስፈልግም ይለቃል። ባንኩ ገንዘብ የሚያገኝበት ዋጋ ሲወደድ ለደንበኛው የሚያበድርበትም ይወደዳል፤ ብድር ሲወደድ ለግዢ የሚወጣው ብር ይቀንሳል፤ ገዢ ሲቀንስ ዋጋ የመጨመር ጉልበቱ ይደክማል። ሐሳቡ ይኸው ነው።

ብሔራዊ ባንክ ሥራ ከጀመረ ከ1956 ዓ.ም. ወዲህ ወለድ ሲተምን ኖሯል። ወለድን እንደ ዋና የፖሊሲ መሣሪያ መጠቀም ግን አዲስ ነገር ነው። ቀድሞ ዋናው መሣሪያ ትእዛዝ ነበር። በሐምሌ 2000 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ60 በመቶ ሲያልፍ፣ ባንኮች በብሔራዊ ባንክ የሚያስቀምጡት መጠባበቂያ ቀደም ብሎ በሁለት ጊዜ ከተቀማጩ 5 በመቶ ወደ 10፣ ከዚያም ወደ 15 ከፍ ተደርጎ ነበር። በ2003 ደግሞ ብዙዎቻችሁ የምታስታውሱት የ27 በመቶ መመሪያ መጣ። የግል ባንኮች ከሚሰጡት አዲስ ብድር 27 በመቶውን ያህል የብሔራዊ ባንክ ሰነድ እንዲገዙ ተገደዱ፤ ሰነዱ ለአምስት ዓመት የሚታሰር ሲሆን መጀመሪያ የሚከፈልበት ወለድ 3 በመቶ ነበር። የተሰበሰበው ገንዘብ በልማት ባንክ በኩል ለረጅም ጊዜ ብድር ይውል ነበር። መመሪያው በ2012 ተነሣ። በኋላ ግን በ2015 ባንኮች ከአዲስ ብድራቸው 20 በመቶ የሚሆን የመንግሥት ቦንድ እንዲገዙ የሚያዝ ሌላ መመሪያ ወጣ።

የዚያን ዘመን ፖሊሲ ያወጡ ሰዎች ክፉ ነገር አስበው ነበር አልልም። መንገድ፣ ግድብ፣ ፋብሪካ በርካሽ ገንዘብ መሥራት ፈልገዋል፤ ብዙውም ተሠርቷል። እኔ የምጠይቀው ርካሹ ገንዘብ ከየት እንደመጣ ነው። ባንኩ በ3 በመቶ እንዲያበድር ከተገደደ፣ ለቆጣቢው 8 እና 10 ሊከፍል አይችልም። ስለዚህ ወጪው ወርዶ ወርዶ መጨረሻው ላይ ቆጣቢው ጋ አረፈ።

የባሰው ግን የብሔራዊ ባንክ ቀጥታ ብድር ለመንግሥት ነው። መንግሥት ገቢው ለወጪው ካልበቃ ከሕዝብና ከባንኮች በግምጃ ቤት ሰነድ ይበደራል፣ ከውጭ ይበደራል፣ ሁሉም ሲጠብበት ወደ ብሔራዊ ባንክ ይሄዳል። «ብር አተሙ» ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው የሚሽከረከር ማተሚያ ነው። አሠራሩ ከዚያ ይቀላል፤ ብሔራዊ ባንኩ በመንግሥት ሒሳብ ላይ ቁጥር ይጽፋል። መንግሥት በዚያ ደመወዝ ይከፍላል፣ ለሥራ ተቋራጭ ይከፍላል። ተቋራጩ የተከፈለውን ባንኩ ያስገባል፣ ባንኩ የሚያበድረው አዲስ ገንዘብ ያገኛል፣ ከርሱ የተበደረውም ሲሚንቶ ሊገዛ ይወጣል። ሲሚንቶው ግን ያው ነው፣ አንድ ኩንታል አልጨመረም። በሰሜኑ ጦርነት ዓመታት የመከላከያ ወጪ ሲያድግና የውጭ ዕርዳታና ብድር ሲደርቅ ይህ በር በሰፊው ተከፈተ። የ2014ቱ 34 በመቶ ያለርሱ የሚገለጽ አይመስለኝም።

በነሐሴ 2015 የወጣውን ውሳኔ ከሐምሌ 2016ቱ አስበልጬ የማየው በዚህ ምክንያት ነው። ያኔ ብሔራዊ ባንክ ለመንግሥት የሚሰጠው ቀጥታ ብድር ከቀዳሚው ዓመት ከአንድ ሦስተኛ እንዳይበልጥ ወሰነ፤ ባንኮችም ዓመታዊ የብድር ዕድገታቸው ከ14 በመቶ እንዳያልፍ ጣሪያ አኖረባቸው። ለዋጋ ንረትም ግብ አስቀመጠ፤ በሰኔ 2016 ከ20 በመቶ በታች፣ በሰኔ 2017 ከ10 በመቶ በታች። የመጀመሪያው ለጥቂት ተሳካ፤ ሰኔ 2016 ላይ ንረቱ 19.9 ነበር። ሁለተኛው አልተሳካም፤ ሰኔ 2017 ላይ 14 በመቶ ገደማ ነበር። ቢሆንም ከ34 ወደ 14 መውረድ ትልቅ ነገር ነው፤ ይህን መናገር ተገቢ ነው።

ያወረደው ምንድን ነው? እኔ የምሰጠው ግምት ብዙ ባለሙያዎች ከሚሉት ይለይ ይሆናል። ዋናውን ሥራ የሠራው 15 በመቶው ሳይሆን የቀጥታ ብድሩ በር መጥበቡና የብድር ጣሪያው ነው። ለምን እንዲህ እንደምል ለማስረዳት ወደ አሜሪካ ልውሰዳችሁ።

እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1979 የፌዴራል ሪዘርቭ ሊቀመንበር ፖል ቮልከር የገንዘብ አቅርቦቱን ለማጥበቅ ወሰነ። በቀጣዩ ዓመት መጋቢት የዋጋ ንረቱ ወደ 15 በመቶ ተጠግቶ ነበር። ባንኮች እርስ በርስ የሚበዳደሩበት ወለድ እስከ 20 በመቶ ገደማ ወጣ። የቤት መግዣ ብድር ወለድ እ.ኤ.አ. በ1981 ከ18 በመቶ አለፈ። ቤት ሠሪዎች ሥራ ፈተው የእንጨት ቁራጭ ለቮልከር በፖስታ ይልኩለት ነበር፤ ገበሬዎች ትራክተራቸውን እየነዱ ዋሽንግተን የሚገኘውን ዋና መሥሪያ ቤት ከበቡ። እ.ኤ.አ. በ1982 መጨረሻ ከአሥር ሠራተኛ ከአንድ በላይ ሥራ አጥ ነበር። የዋጋ ንረቱ በ1983 ወደ 3 በመቶ ወረደ። ወለዱ ይህን ሁሉ ማድረግ የቻለው የአሜሪካ ሕዝብ ቤቱን፣ መኪናውን፣ እርሻውን የሚገዛው በባንክ ብድር ስለሆነ ነው። ዛሬም እዚያ ያሉ ዘመዶቻችን ይህን ያውቁታል፤ ከ3 በመቶ በታች ወርዶ የነበረው የቤት ብድር ወለድ እ.ኤ.አ. በ2023 ወደ 8 ሲጠጋ ቤት የመግዛት ዕቅዳቸውን ያቆዩ ብዙ ናቸው።

እኛ ዘንድስ? ሱቅ የሚከፍተው ሰው መነሻውን የሚያገኘው ከዕቁብ ነው፣ ከወንድሙ ነው፣ በዱቤ ከሚሰጠው ጅምላ ነጋዴ ነው። ቤት የሚሠራው ያጠራቀመውን ይዞ፣ ሲጎድል አቁሞ፣ ሲያገኝ ቀጥሎ ነው። የባንኩ ብድር በጥቂት ትላልቅ ተበዳሪዎች እጅ መከማቸቱን ብሔራዊ ባንክ ራሱ በፋይናንስ መረጋጋት ሪፖርቱ አሳይቷል። ከነሱም ውስጥ የመንግሥት ልማት ድርጅቶች አሉ፤ እነሱ ወለድ ጨመረ ብለው ሥራቸውን አያቆሙም። የእኛ ወለድ እንደ መስኖ ውኃ ነው፤ ከላይ መክፈቻው ቢጠብብም ቢሰፋም የሚሰማው ቦዩ አጠገብ ያለው ማሳ ነው፣ ታች ያለው ገበሬ የሚጠብቀው ዝናብ ነው።

የብድር ጣሪያው ግን ሁሉንም ባንክ እኩል ያዘ። ብሔራዊ ባንክ መጀመሪያ 14፣ ቀጥሎ 18፣ በመስከረም 2018 ደግሞ 24 በመቶ አደረገው። ጣሪያው ሠርቷል፤ ነገር ግን አሠራሩ ሻካራ ነው። ባንክ የሚያበድረው ሲወሰንበት የሚመርጠው የቆየውን፣ ትልቁን፣ መያዣው ጠንካራ የሆነውን ደንበኛ ነው። የቆዳ ጫማ የሚሠራ ወጣት ማሽን ለመግዛት ቢመጣ «ኮታችን አልቋል» ይባላል። ስለዚህ ጣሪያው ቀስ እያለ መነሣቱን እደግፋለሁ። የሚነሣ ከሆነ ግን ቦታውን የሚይዘው ወለዱ ነው፣ ወለዱም ታች ድረስ መድረስ አለበት።

ወለድ የማይችለውንም መናገር ይገባኛል። በስታቲስቲክስ አገልግሎቱ ስሌት ከሸማቹ ወጪ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ምግብ ነው። የጤፍ ዋጋ ዝናብ ሲጠፋ ይጨምራል፤ መንገድ ሲዘጋ፣ ኬላ ሲበዛ፣ ጭነት መኪና በሰላም መድረስ ሲያቅተው ይጨምራል። 15 በመቶ ዝናብ አያመጣም፣ መንገድም አይከፍትም። አንድ ነገር ግን ያደርጋል። ጤፍ በዝናብ እጥረት ሲወደድ፣ ያ ውድነት ወደ ቤት ኪራዩ፣ ወደ ታክሲው፣ ወደ ልብሱ እንዳይዛመት ያግዛል። ለሁሉም ዋጋ መጨመር በቂ ብር ከሌለ ሁሉም ዋጋ አብሮ ሊጨምር አይችልም።

ሌላው ምንዛሪው ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ብዙዎቻችን ዋጋ በአንድ ጊዜ እጥፍ ይሆናል ብለን ሠጋን። አልሆነም። አንዱ ምክንያት አስመጪው ነጋዴ ቀድሞውንም ዕቃውን ሲተምን የነበረው በጥቁር ገበያ ዋጋ መሆኑ ነው። ሌላው ገንዘቡ ጠብቆ መቆየቱ ነው፤ ብር በተረፈበት ገበያ ምንዛሪውን ቢለቁት ኖሮ አወራረዱ ማቆሚያ አይኖረውም ነበር።

ስለ ነጋዴውም ላንሣ። ሰው ሱቅ ገብቶ «ትናንት በዚህ ዋጋ አልነበረም ወይ?» ሲል ባለሱቁ የሚመልሰው «በስንት እንደምተካው አላውቅም» ብሎ ነው። ብዙዎች ይህን ስግብግብነት ይሉታል። እኔ ትክክለኛ ሒሳብ ነው እላለሁ። ዛሬ የሸጠውን ዕቃ ነገ በሸጠበት ብር መተካት ካልቻለ ሱቁ ባዶ ይሆናል። ስለዚህ ዛሬ የሚያስከፍለን ነገ ይመጣል ብሎ የሚፈራውን ዋጋ ነው። ማዕከላዊ ባንክ ይህን ፍርሃት መቀነስ ከቻለ ገና ወለዱ ብድር ላይ ሳይደርስ ዋጋ ይረጋጋል። የብሔራዊ ባንኩ የገንዘብ ፖሊሲ ኮሚቴ በተወሰነ ጊዜ እየተሰበሰበ ውሳኔውን ከነምክንያቱ ለሕዝብ ማሳወቅ መጀመሩን የማደንቀው ለዚህ ነው። በተቃራኒው የሆነውን በቱርክ አይተናል፤ ነጋዴዎቻችን ዕቃ የሚያመጡባት አገር ናት። እ.ኤ.አ. በ2021 ንረቱ እየጨመረ ሳለ የፖሊሲ ወለዱ ከ19 ወደ 14 ዝቅ ተደረገ። በቀጣዩ ዓመት ጥቅምት የዋጋ ንረቱ ከ85 በመቶ አለፈ። በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 ወለዱን 50 በመቶ ማድረስ ግድ ሆነ።

እንግዲህ ወደ ቆጣቢው ልመለስ፤ ዛሬ እዚህ የቆምኩትም ለርሱ ነው። ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ በጥቅምት 2010 ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ ብሎ ነበር። የፖሊሲ ወለዱ 15 ተብሎ ሲታወጅ ያ የ7 በመቶ ወለል ከቦታው አልተነቃነቀም። ትልቅ ገንዘብ ያለው ድርጅት ከባንኩ ጋር ተደራድሮ በጊዜ ገደብ ተቀማጭ የተሻለ ወለድ ያገኛል። ተራው ሰው አይደራደርም፣ የተሰጠውን ይቀበላል። አሁን ሁለት ቁጥሮችን፣ 7ን እና 12ን፣ ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። አንድ ባንክ ከእናንተ በ7 በመቶ የተቀበለውን ገንዘብ፣ ለማንም ሳያበድር፣ ምንም ሥጋት ሳይወስድ፣ ብሔራዊ ባንክ ዘንድ በ12 በመቶ ሊያስቀምጠው ይችላል። አምስቱ ነጥብ የባንኩ ነው። ዋጋ በ14 በመቶ ሲጨምር ደግሞ የእናንተ 100 ሺህ ብር በዓመቱ ከ6 ሺህ ብር በላይ የመግዛት አቅም ያጣል።

ባንኮቹ የሚሉትን አውቃለሁ። ቅርንጫፍ ማስተዳደር ወጪ አለው፣ የመጠባበቂያ ተቀማጩ ወለድ አያስገኝም፣ የቁጠባ ወለድ ሲጨምር የብድሩም ይጨምራል ይላሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ እውነት ናቸው፤ አምስቱን ነጥብ በሙሉ ግን አይሸፍኑም። በሦስተኛው ላይ የኬንያ ልምድ ይጠቅመናል። እ.ኤ.አ. በ2016 ኬንያ በሕግ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ አደረገች። የቁጠባ ወለድ ከማዕከላዊ ባንኩ መነሻ ወለድ 70 በመቶ እንዳያንስ፣ የብድር ወለድ ደግሞ ከመነሻው አራት ነጥብ በላይ እንዳይሆን ደነገገች። የጎዳት የብድር ጣሪያው ነው፤ ባንኮች ለአነስተኛ ነጋዴ ማበደር አቁመው የመንግሥት ሰነድ መግዛት አበዙ። ሕጉ እ.ኤ.አ. በ2019 ተሻረ፤ የቁጠባ ወለሉ ግን ከርሱ አንድ ዓመት አስቀድሞ ተነሥቶ ነበር። የእኛ ብሔራዊ ባንክ የብድሩን ወለድ ለገበያ ትቶ የቁጠባውን ወለል ብቻ ከፖሊሲ ወለዱ ጋር ቢያስተሳስር፣ ለምሳሌ አራት ነጥብ ዝቅ አድርጎ 11 ላይ ቢያስቀምጠው፣ ኬንያ የገባችበት ችግር ውስጥ አንገባም። የዋጋ ንረቱ ሲወርድና የፖሊሲ ወለዱ ሲቀነስ ወለሉም አብሮ ይወርዳል፤ በየጊዜው አዲስ መመሪያ ማውጣት አያስፈልግም።

በሃይማኖታቸው ምክንያት ወለድ የማይቀበሉ ወገኖቻችንን ግን ይህ አይደርሳቸውም። ከ2013 ወዲህ ሙሉ በሙሉ ወለድ አልባ የሆኑ ባንኮች ተከፍተዋል፤ በመደበኛ ባንኮችም የወለድ አልባ አገልግሎት መስኮት አለ። በዋዲያ፣ ማለትም ወለድ በሌለው የአደራ ሒሳብ ያስቀመጠ ሰው ምንም ጭማሪ አያገኝምና የዋጋ ንረቱ ሙሉ በሙሉ የሚያርፈው እርሱ ላይ ነው። ለርሱ ያለው መከላከያ የዋጋ መረጋጋት ብቻ ነው፤ ለዋጋ መረጋጋት ደግሞ የቀጥታ ብድሩ በር ጠብቦ መቆየቱ ከማንኛውም የወለድ ቁጥር ይበልጣል። በጀት ሲጠብ፣ የደመወዝ ጭማሪ ሲጠየቅ፣ ምርጫ ሲቃረብ ያን በር ለመክፈት የሚመጣው ግፊት ቀላል አይሆንም። በሩ ቢከፈት እንኳ ዜናው በቀጥታ አይነገረንም፤ በብሔራዊ ባንክ የሩብ ዓመት ሪፖርት ላይ «ለመንግሥት የተሰጠ ብድር» በሚለው መስመር ይታያል። ተማሪዎችም፣ ጋዜጠኞችም፣ እናንተም ሪፖርቱ በወጣ ቁጥር ከፖሊሲ ወለዱ አስቀድማችሁ ያንን መስመር እንድትመለከቱ እጠይቃለሁ።

ጥያቄዎቻችሁን ለመስማት ዝግጁ ነኝ።